ዘጠኝ ወራት ከኔትወርክ ካሜራ ጋር፦ ከጅማ ቅዳሴን በቀጥታ የማስተላለፍ ልምድ

እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ የደብራችንን የእሑድ ቅዳሴ በዩቲዩብ የምናስተላልፈው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ በተተከለ አንድ የቪዲዮ ካሜራ ነበር። ካሜራውን የሚይዘው ወንድማችን በቅኔ ማኅሌቱ መካከል፣ መቋሚያ ይዘው ከሚዘምሙት ሊቃውንት አጠገብ ስለሚቆም፣ ከኋላው የሚያስቀድሱ እናቶች በትከሻው ላይ አሻግረው ማየት ግድ ይሆንባቸው ነበር። ከካሜራው ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው የኤችዲኤምአይ ገመድም ከምንጣፉ ሥር እየወጣ፣ ጫማውን አውልቆ የሚመላለሰውን ዲያቆን ከአንድም ሁለት ጊዜ አደናቅፎታል። አስተዳዳሪው አባታችን ብዙ ከታገሡ በኋላ አንድ ቀን ጠርተውን፣ «ሥርጭቱ ይቀጥል ልጆቼ፤ ሰውየው ግን ከመካከል ይነሣልን» አሉን። ከርቀት የሚታዘዝ ካሜራ የገዛነው በዚህ ምክንያት እንጂ የተሻለ ምስል ፈልገን አልነበረም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሁለት ካሜራዎች፣ አንዱን ከበሩ በላይ፣ ሌላውን በጎን በኩል ሰቀልን፤ ይህን የምጽፈው የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ውስጥ በየእሑዱና በየወርኃዊው በዓል፣ በልደት፣ በዐቢይ ጾም የከሰዓት ቅዳሴ፣ በስቅለትና በትንሣኤ ሌሊት ሠርተውልናል። የምርቱን ስም የማልጠቅሰው ተመሳሳይ አካል በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ነው፤ የምገመግመው ዓይነቱን ነው፦ በሞተር ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚዞር፣ በሌንሱ 20 እጥፍ የሚያጎላ፣ ምስልን፣ ትእዛዝንና ኤሌክትሪክን በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያስተላልፍ ካሜራ፤ ባለሙያዎች ፒቲዜድ የሚሉት።

ስለ እነዚህ ካሜራዎች ከሌሎች አጥቢያዎች የሚመጡ ወንድሞች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ኢንተርኔቱ ይችለዋል ወይ?» የሚለውን ነው። የኔትወርክ ካሜራ ኢንተርኔት አይፈልግም። ካሜራዎቹ፣ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን) እና ላፕቶፑ በግቢው ውስጥ የራሳቸው ትንሽ መረብ አላቸው፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ላፕቶፑ ላይ ያለው ኦቢኤስ የተባለ የሥርጭት ፕሮግራም አዘጋጅቶ የሚልከው አንድ ምስል ብቻ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ኤንዲአይ የተባለው የምስል ማስተላለፊያ ዘዴ በሙሉ አቅሙ ለአንድ ባለ 1080 ምስል በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ይጠቀማል፤ የእኛ ካሜራዎች የሚጠቀሙት ግን የተጨመቀውን ዓይነት ስለሆነ እያንዳንዱን በ8 ሜጋቢት ገድበነዋል። ሁለቱ ተደምረው 16 ሜጋቢት ይሆናሉ፤ ይህ ለማንኛውም ርካሽ ስዊች ቀላል ሥራ ነው። የሚከብደው ለላፕቶፑ ነው፤ ሁለቱን ምስሎች መፍታትና መልሶ አንድ አድርጎ መጭመቅ ስላለበት በቅዳሴው ሦስተኛ ሰዓት ላይ ማራገቢያው ከዲያቆኑ ጋር ይፎካከራል።

ከሁሉም አስቀድሜ የማመሰግነው ኤሌክትሪክ በገመዱ ውስጥ አብሮ መሄዱን ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን የገባኝ ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። ካሜራዎቹ ግድግዳው ላይ ሶኬት አያስፈልጋቸውም፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ስዊች ይመግባቸዋል፤ ስዊቹ፣ ራውተሩና ላፕቶፑ ደግሞ በአንድ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ) ላይ ስለተሰኩ መብራት ሲሄድ ምስሉ አይቋረጥም፣ አይጠቁርም። እንዲያውም በዚህ ተደላድለን ሳለ አንድ እሑድ፣ ወንጌል ሲነበብ መብራት ጠፍቶ ምስሉ እንደ ነበረ ቀጠለ፣ ድምፁ ግን ተቋረጠ። ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀናበሪያው) ከአምፕሊፋየሩ (ከድምፅ ማጉያው) ጋር በሌላ ሶኬት ላይ መሆኑን ማንም አላሰበም ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ተመልካቹ ወንጌሉን የሚያነቡትን ቄስ ከንፈር ሲያይ ቆየ። በማግስቱ ሚክሰሩን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርነው፤ አምፕሊፋየሩን ግን ተውነው፤ እርሱ ባትሪውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ምእመን ደግሞ የካህናቱን ድምፅ ያለ ማጉያም ይሰማል።

በገመድ የተነሣ ያጣሁትን እንቅልፍ ሳልናገር አላልፍም። ከበሩ በላይ ያለው ካሜራ ከዕቃ ቤቱ 70 ሜትር ያህል ይርቃል፤ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚፈቀድለት ርቀቱ አላሳሰበኝም። ነገር ግን ካሜራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ጸጥ ብሎ ሲያይ ደኅና ሆኖ፣ እየዞረ እንዲያጎላ ሲታዘዝ በድንገት ጠፍቶ ራሱን እንደ አዲስ ያስነሣ ነበር። ጉድለቱ የካሜራው ነው ብለን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ካርቶኑን አዘጋጅተን ነበር፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ዕቃ መቼ እንደሚመለስ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ከመላካችን በፊት የገመዱን ጫፍ በምላጭ ስፍቀው ከቀይዋ ቀለም በታች ነጭ ብረት አየሁ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። በተለመደው የፒኦኢ (ኤሌክትሪክን በኔትወርክ ገመድ የመላክ) ደረጃ ስዊቹ በአንድ ቀዳዳ የሚሰጠው 15.4 ዋት ሲሆን ካሜራው ጋ እንዲደርስ የሚጠበቀው 12.95 ዋት ነው። የእኛ ካሜራ ሞተሮቹ ሁሉ አብረው ሲንቀሳቀሱ 12 ዋት ይጠይቃል፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ በመንገድ ላይ የራሱን ግብር ይወስዳል። ሙሉ መዳብ የሆነ ካት 6 ገመድ ከሳብን በኋላ ችግሩ ተመልሶ አልመጣም። ገመድ የሚገዛ ሰው ምላጭ ይዞ ይሂድ።

ሌላው ያደከመን ነገር የካሜራዎቹ የኔትወርክ አድራሻ ነው። ካሜራዎቹ ከራውተሩ በየጊዜው አድራሻ እንዲቀበሉ ሆነው ስለመጡ፣ ሌሊቱን ሁሉም ነገር ጠፍቶ ባደረ በአንድ በዓል ማለዳ ሁለቱ አድራሻ ተቀያይረው ተነሡ፤ እኔ የጎኑን ካሜራ ሳዝዝ የበሩ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ 192.168.1.51 እና 192.168.1.52 ብለን በየራሳቸው ላይ ቋሚ አድራሻ ጻፍን፣ በወረቀትም ለጥፈነዋል።

ምስሉን በተመለከተ፣ ከሳጥኑ ሲወጣ የነበረው አደረጃጀት ለእኛ ቤት አልተሠራም። የካሜራው መነሻ ስሌት 60 ኸርዝ ነበር፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ በመብራቶቹ ሥር ጥቁር ሽንትሮች ከላይ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ይታዩ ነበር። ወደ 50 ኸርዝ ቀይረን የመዝጊያውን (የሻተሩን) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ስናደርግ ወዲያው ጠፉ። ብርሃንን በራሱ እንዲመጥን መተውም አላዋጣም፤ የጠቆረውን ጣሪያ ለማብራት ሲታገል የነጠላውንና የልብሰ ተክህኖውን ነጭ አንድ ወጥ የኖራ ግድግዳ ያደርገዋል። በእጅ መጥነን፣ ነጠላው ላይ የጥለቱ ቀለም እስኪለይ ድረስ አጨለምነው፤ ጣሪያው ይጨልም፤ ወደ ጣሪያ የሚያይ የለም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ዕጣን ነው። ካህኑ ጽናውን እያወዛወዙ ሲዞሩ ጢሱ በካሜራውና በመቅደሱ በር መካከል ይነሣል፤ ምስሉን በራሱ የሚያጠራው ሌንስም ጢሱን ዒላማ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከጢሱ ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ጢሱ እየተመላለሰ ምስሉን እንደ ልብ ትርታ ያርገበግበዋል። መፍትሔው እያንዳንዱን ዕይታ አስቀድሞ በእጅ አጥርቶ ከነጥራቱ መመዝገብ ነው። ካሜራው የተመዘገበ ዕይታን ፕሪሴት ይለዋል፤ ቁጥሩን ሲነኩት ወደዚያው ይመለሳል። አሁን አሥራ አንድ ፕሪሴት አለን፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ አንዱም ከቦታው ዝንፍ አላለም፤ ስለ ካሜራው አሠራር የምሰጠው ትልቁ ምስክርነት ይህ ነው።

ሰው እየተከተለ ይቀርጻል ተብሎ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ችሎታ ግን በሁለተኛው እሑድ ዘጋሁት። ሁሉም ነጭ በለበሰበት ቤት አንዱን ዲያቆን ሲከተል ቆይቶ፣ ዲያቆኑ ዓምድ ጀርባ ሲሠወር ውኃ ሊጠጣ የሚወጣ ሕፃን ተከትሎ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። የመዞሪያውን ፍጥነትም ከ24ቱ ደረጃ ወደ 3 አወረድነው፤ አጉልቶ ሳለ ከዚያ በላይ ከፈጠነ ተመልካቹን ያዞረዋል። የጎኑን ካሜራ የሰቀልንበት፣ ብየዳ ቤት ያሠራነው ብረት በመጀመሪያ ያረፈው በእንጨት ግርዶሽ ላይ ስለነበር ከበሮ በተመታ ቁጥር ምስሉ አብሮ ይዘል ነበር፤ ወደ ሲሚንቶው ዓምድ ስናዛውረው ረጋ።

የሌንሱ ማጉላት የሰጠን ኃይል አንድ ሕግ እንድናወጣ አስገድዶናል። በቁርባን ሰዓት ከበሩ በላይ ያለው ካሜራ የሚቀበሉትን ሰዎች እንባ ሳይቀር ማሳየት ይችላል። አንድ ጊዜ አሳየ፤ የታየችው እናት አልከሰሰችንም፣ እኔ ግን ቀረጻውን ደግሜ ሳይ አፈርኩ። ስለዚህ ከቁርባን ጀምሮ ሰፊው ዕይታ ብቻ እንዲሆን፣ መጋረጃው ሲዘጋም ካሜራው ወደ ምእመናኑ ጀርባ እንዲመለስ አባታችንን አማክረን ወሰንን። በካሜራው ፊት የምትበራዋን ቀይ መብራትም በጥቁር ፕላስተር ሸፈንናት፤ ሕፃናቱ ቅዳሴውን ትተው እርሷን ያዩ ነበር።

ድምፅና ምስል መለያየታቸው የዚህ ዓይነት ካሜራ ጠባይ ስለሆነ ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ምስሉ ተጨምቆ፣ ተጉዞ፣ ተፈትቶ እስኪደርስ ድምፁ በሚክሰሩ በኩል ቀድሞ ይገባል። እኛ የለካነው በከበሮ ነው፦ አንድ ወንድም አንድ ጊዜ ብቻ መታ፣ ቀረጻውን ፍሬም በፍሬም አየነው፤ ድምፁ ከተሰማ በኋላ እጁ ከበሮው ላይ እስኪያርፍ 6 ፍሬም ቆየ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምንቀርጽ እያንዳንዱ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በኦቢኤስ ውስጥ ድምፁን በ240 አዘገየነው።

ስብከቱ የሚሰጠው ውጭ በዐውደ ምሕረቱ ላይ በመሆኑ አንዱን ካሜራ እዚያ ለመስቀል አስበን ነበር። የቤት ውስጥ ካሜራ ለጅማ ዝናብ አይሰጥም፤ እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ እርጥበቱም መስተዋት ውስጥ ይገባል። በምትኩ ውኃ የማያስገባ ተራ የጥበቃ ካሜራ ሰቀልን፤ እርሱም አርቲኤስፒ በተባለ የምስል መላኪያ ዘዴ ከኦቢኤስ ጋር ይገናኛል። ከአንድ ሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ ቀለሙም የደከመ ነው፤ ነገር ግን ለማይንቀሳቀስ አንድ ሰባኪ ይበቃል፣ ዋጋውም ከትልቁ ጋር አይወዳደርም። ለእርሱ የሳብነው ገመድ ግን በሰኔ ነጎድጓድ የስዊቹን አንድ ቀዳዳ አቃጠለብን። ከዚያ በኋላ መብረቅ መከላከያ አስገብተን ከመሬት ጋር አገናኘነው፤ ደመና ሲከብድ ግን አሁንም እነቅለዋለሁ።

ወደ ውጭ የሚሄደው ምስል ባለ 720 ሆኖ በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት ነው። ይህ ለሦስት ሰዓት ቅዳሴ 3.4 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያኑ መስመር ሲቋረጥ በስልክ ዳታ ለመቀጠል ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ሥርጭቱ ከ12 ሰዓት ካላለፈ ዩቲዩብ ራሱ ስለሚያስቀምጠው የስቅለትን ውሎ ሳይቆራረጥ አግኝተነዋል።

ጥገና ብዙም የለውም። ሌንሱ ላይ የሚቀመጠውን የዕጣን ቅባት በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ካልተጠረገ እያንዳንዱ ጧፍ የጭጋግ ቀለበት ያወጣል። የጎኑ ካሜራ ሞተር ከሰኔ ወዲህ ወደ ግራ ሲዞር ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ በጸሎት ጸጥታ ውስጥ በአቅራቢያው ለቆመ ሰው ይሰማልና በቅዳሴ መካከል ወደዚያ አላዞረውም።

ለመጪው ዓመት ሦስተኛ ካሜራ ይገዛ የሚል ሐሳብ በሥርጭት ክፍላችን ቀርቧል። እግራቸው ታሞ ከቤት የማይወጡ፣ በየሳምንቱ በልጅ ልጃቸው ስልክ የሚያስቀድሱ አንዲት እማማ ሰሞኑን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «አየሁ፣ ተመስገን፤ ግን ልጄ፣ ዜማው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ አቅርበው» አሉኝ። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለሊቃውንቱ ከላይ ለሚሰቀሉ ሁለት ማይክራፎኖች ነው።