ለተዘጋ ክፍል የትኛው ማሞቂያ? ጋዝ፣ ኤሌክትሪክ ወይስ ከሰል

የጥቅምት ውርጭ ሲገባ የማሞቂያ ገበያውም ይሟሟቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የሚሠራው ተኝታችሁ ሳለ ነው ወይስ ነቅታችሁ?

ለመኝታ ክፍል ከሆነ ብዙ አላመነታም፤ በውስጡ ዘይት ያለው የኤሌክትሪክ ራዲያተር ይሻላል። እሳት የለውም፣ አየራችሁን አይሻማም፣ ክፍሉ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ራሱ ያጠፋዋል። ባለ 2,000 ዋቱ ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት እንጂ በቀጭን ማከፋፈያ አትሰኩት። ለመሞቅ ይዘገያል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ቀዝቃዛ ብረት ነው።

ጋዙ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ ባለ ጎማ የሆነው ማሞቂያ ሳሎኑን በደቂቃዎች ያሞቀዋል። ጭስ ማውጫ ስለሌለው ግን የክፍሉን ኦክስጅን ይወስዳል፣ የተቃጠለውንም እዚያው ይተፋል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። የመስኮቱ መስታወት አልቦት ጠብታ መውረድ ከጀመረ አየሩ አልተቀየረም ማለት ነው፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጉት። ቢጫ የእሳት ምላስ ካያችሁ ግን አጥፉት። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ እርሱ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። የምናውቀው የጋዝ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፤ የሚያስጠነቅቀውም ሲያፈስ ብቻ ነው።

ስትገዙ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋና ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙን የሚዘጋ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራውን ጠቋሚ ለብቻው ግዙ።

ከአሜሪካ ዘመድ ላምጣላችሁ የሚላችሁን ሚስተር ሂተር ባዲ የተባለውን ትንሽ ተንቀሳቃሽ የጋዝ ማሞቂያ በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መመሪያው ከ7,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃንማ ይብሳል። በየደቂቃው ሲጠፋ «ተበላሸ» ተብሎ የኦክስጅን መቆጣጠሪያው እንዲነቀል ለጠጋኝ መስጠት ትልቁ ስሕተት ነው። ደግሞም የጋዝ ሲሊንደሩን በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም።

በየሆቴሉ በረንዳ የሚቆመው ጃንጥላ መሰሉ ማሞቂያ የደጅ ዕቃ ነው። ዙሪያው በሸራ የተዘጋ የሠርግ ድንኳን ደጅ አይባልም።

ከሰልን ከእነዚህ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ይከብደኛል። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀለት ምን ያደርጋል?» ብሎ ከቡና በኋላ የተረፈውን ፍም ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ጭስ የሌለው የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም።

እኔ ቤት ራዲያተሩ መኝታ ክፍል ነው። ጋዙ መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ሳሎን ተቀምጧል፤ ልንተኛ ስንል የሲሊንደሩ ራስ ይዘጋል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል።