ባለ 75 ጋሎን ገንዳ ከማላዊ ሐይቅ ጠበኞች ጋር፦ የወራት ልምዴ

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ባለው ቤታችን ምድር ቤት ያስቀመጥኩት ባለ 75 ጋሎን የዓሣ ገንዳ በምቡና ዓሦች ከተሞላ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምጠየቀው ዓሦቹ እንዲህ እየተባረሩ እንዴት ሳይተላለቁ እንደቆዩ ነው። ብዙ ስለሆኑ ነው። ያ ብዛት ግን በነጻ አይገኝም፤ ዋጋው በየሳምንቱ በውኃ ቅየራ ይከፈላል። ገንዳውን ወድጄዋለሁ፤ ለሁሉም ሰው ግን አልመክርም።

ምቡና የማላዊ ሐይቅን ድንጋያማ ዳርቻ ሙጥኝ ብለው የሚኖሩ፣ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ የሆኑ ዓሦች ናቸው። ከድንጋይ ላይ አልጌ ይግጣሉ፤ ወንዱ አንዲት ዋሻ ይይዝና የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሐይቁ ውስጥ የተሸነፈው ሸሽቶ ይድናል፤ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር በሆነ መስታወት ውስጥ መሸሻ የለም። አምስት ስድስት ዓሣ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ኃይለኛው ደካማውን መርጦ ክንፉ እስኪበጣጠስ ሲያሳድደው ያያል። ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ሲሆኑ ግን አሳዳጁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው በፊቱ ያልፋል፤ ንክሻው ለሁሉም ይዳረሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህም ይሠራል፤ ንክሻን ጌጥ ማለት ቢከብድም።

ብዛት የሚሠራው ዝርያው በጥንቃቄ ከተመረጠ ነው። እኔ ያስገባሁት 14 ዴማሶኒ፣ 6 ቢጫ ላቢዶክሮሚስና 6 ዝገት መሳይ አዮዶትሮፊየስ ነው። ዴማሶኒ ከሐይቁ የታንዛኒያ ዳርቻ የተገኘ፣ ጥቁርና ሰማያዊ መስመር ያለው ትንሽ ዓሣ ሲሆን ከማንም በላይ የሚጠላው የራሱን ዘር ነው። ስለዚህ ወይ አንድ ብቻ ወይ ከደርዘን በላይ መሆን አለበት፤ አራትና አምስት ማስገባት ለአንዱ ዙፋን፣ ለሌሎቹ መቃብር ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ ሌሎች ዝርያዎች ሆን ተብለው በመልክ የራቁ ናቸው። ሌላ ሰማያዊ ባለ መስመር ዓሣ ቢጨመር ዴማሶኒው እንደ ባላንጣ ይቆጥረዋል፤ የተቀራረቡ ዝርያዎች ደግሞ ይዳቀላሉ። ሁሉም የገቡት በጫጩትነታቸው፣ በአንድ ላይ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነበረ። የሱቁ ሰው አንዲት ቢጫ፣ ጥቁር መስመር ያላት ዓሣ መርቆልኝ፣ ምን እንደሆነች ስጠይቀው «ቅልቅል ናት» ብሎ አለፈው። ከወራት በኋላ «ቅልቅሏ» ጠቆረች፤ ለካስ ከምቡና ሁሉ በክፉ ጠባዩ የሚታወቀው የአውራተስ ወንድ ነው። የገንዳውን እኩሌታ ያዘ፤ ዝገቶቹን በሙሉ ማሞቂያው ጥግ አጎራቸው። ለሱቁ ከመለስኩት በኋላ ነው ሌሎቹ ወደ መሐል የወጡት። የዝርያ ስም ያልተጻፈበትን ዓሣ በነጻም ቢሆን አትቀበሉ።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ ከታች እስከ ላይ ተቆልሎ ብዙ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። አሸዋው የሚጨመረው ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ ነው፤ እነዚህ ዓሦች ቆፋሪዎች ስለሆኑ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ተቦርቡሮ ሊወድቅና መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። ውኃው ብቻውን 284 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ያኖርኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ባዶውን ገንዳ ያለ ዓሣ ለሳምንታት አስኪጄዋለሁ፤ ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ ሳይባዙ ዓሣ ማስገባት ጭካኔ ነው። ናይትሬቱን ግን ማጣሪያ አያጠፋውም፤ እሱ የሚወጣው በባልዲና በቱቦ ነው። በየሳምንቱ ግማሹን ውኃ እቀይራለሁ። እዚህ ከፖቶማክ ወንዝ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ ለምቡና የሚስማማ፣ አልካላይነት ያለው ነው፤ ጀርም እንዲገድል የሚጨመርበት ክሎራሚን ግን ገዳይ ስለሆነ ማክሸፊያ ሳልጨምር ጠብታ አላስገባም። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት በክሎራሚን ፈንታ ክሎሪን ስለሚጠቀሙም ያኔ ሽታው ይጠነክራል። ማጣሪያውንም የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ያጠበ ሰው ባክቴሪያዎቹን ይፈጅና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ፒኤች፣ ማለትም የውኃው የአሲድና የአልካሊ መለኪያ፣ ከፍ ሲል አሞኒያ ይበልጥ መርዝ ይሆናል፤ ስለዚህ በተጨናነቀ የምቡና ገንዳ መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ሲቆም የሚያስጨንቀኝ ብርዱ ሳይሆን ይህና የኦክስጅን ማነስ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ከገንዳው ጋር አብሮ መገዛት አለበት።

ምግባቸው ስፒሩሊና የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የበዛበት ፍሬ ነው፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያን መልክ የሰጠው ዓይነት። ሥጋ ነክ ምግብ ማብዛት ሆዳቸውን ነፍቶ ሊገድላቸው ይችላል፤ በተለይ ልጆች «ርቧቸዋል» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ጣሳውን ሰብሰብ ማድረግ ነው። ምቡና ሁልጊዜ የራበው ይመስላል። ከሐዋሳ የመጡት አክስቴ አፋቸውን አይተው «እነዚህ የቆሮሶ ዘመዶች አይደሉም እንዴ?» ሲሉ ተገርሜያለሁ፤ ልክ ናቸው፣ ቆሮሶም (ቲላፒያ) ሲክሊድ ነው። ቀጥለው መጥበሻ ጠየቁ።

የአክስቴን ጨዋታ ያስታወሰኝ የመራባታቸው ነገር ነው። እንደ ቆሮሶ ሁሉ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ሳትበላ ትቆያለች። አገጯ ወጥሮ ከድንጋይ ሥር ስትደበቅ ማየት ከገንዳው ሁሉ የሚበልጥብኝ ትርኢት ነው። ጫጩቶቹ አብዛኞቹ ይበላሉ፤ ከስንጥቅ ለስንጥቅ እየተሹለኮለኩ የሚተርፉት ግን ቁጥሩን ያዛቡታል፣ ወንዶቹም ይበዛሉ። የተነከሰ የሚያገግምበት ትንሽ ሁለተኛ ገንዳም ስለሚያስፈልግ ሱቁ ከሚነግራችሁ ዋጋ ላይ እሱን ጨምሩ።

አሁን የሚሰጡ ወጣት ዴማሶኒዎች አሉኝ። ባለ 20 ጋሎን ገንዳ ይዞ ሁለት ብቻ ለሚጠይቀኝ ሰው አልሰጥም።