ሄይዋርድ ፊልድ፣ ዩጂን፦ ሩጫ የሚወድ ሰው ሊያየው የሚገባ ስታዲየም

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቶ ዩጂን ከተማ የገባ ሰው፣ ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲቃረብ ዓይኑን የሚስበው ባለ 10 ፎቅ ማማ ነው። ማማው ላይ የአራት አትሌቶችና የአንድ አሰልጣኝ ምስል ይታያል። ከልጆቼ ጋር ወደዚህ ስታዲየም የሄድኩት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ፕሪፎንቴይን ክላሲክ ለተባለው ዓመታዊ የአትሌቲክስ ውድድር ነበር፤ ይህን የምጽፈውም እንደ እኛ ሊሄዱ ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው።

አሁን ያለው ስታዲየም በ2020 የተከፈተ ሲሆን ከ12,000 በላይ መቀመጫዎች አሉት። ጣሪያው ብርሃን ያስገባል፤ የተሸከሙትም ከእንጨት የተሠሩ ቅስቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት መቀመጫዎቹ ቁልቁል የተደረደሩና ወደ መሙ እጅግ የተጠጉ መሆናቸውን ነው። ብዙዎቻችን ሩጫ ስናይ ያደግነው ለእግር ኳስ በተሠራ ሜዳ ዙሪያ፣ ሯጩን ከሩቅ እያየን ስለሆነ፣ እዚህ የሯጩን ፊትና ትንፋሽ በቅርበት መከታተል ትልቅ ልዩነት አለው።

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ በእጃቸው የሩጫ ሰዓት ይዘው የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ይጽፉ ነበር። ጉዳፍ ጸጋይ በ5,000 ሜትር መሪነቱን ይዛ ዙሩን ስትቆጥር ከልጆቼ ይልቅ እርሳቸው ነበሩ ከመቀመጫቸው የተነሡት። 14:00.21 ገብታ የዓለም ክብረወሰኑን ስትሰብር፣ አንዱን ዙር በአማካይ በ67 ሰከንድ ገደማ መሮጧን አስልተው ለታላቁ ልጄ አሳዩት። ስታዲየሙ ምንም ያህል ቢያምር እንዲህ ያለውን ተመልካች በገንዘብ ሊያስገነባው አይችልም፤ ይህ ተመልካች ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ታሪክ የተገኘ ነው።

የሚገርመው፣ ሜዳው በ1919 ሲሠራ ለሩጫ አልነበረም፤ ለአሜሪካ ፉትቦል ነበር። መሙ የተጨመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድን ከዚያ በፊት፣ በ1917 መባቻ፣ የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲን 14 ለ 0 አሸንፎ ሮዝ ቦል በተባለው ታዋቂ የኮሌጆች የፉትቦል ግጥሚያ ድል አግኝቶ ነበር። ሜዳው የተሰየመው ከ1904 እስከ 1947 ሯጮችን ባሰለጠነው ቢል ሄይዋርድ ነው። እርሱን የተካው ቢል ባወርማን በ1962፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1970 ዩኒቨርሲቲውን የአገሪቱ የኮሌጆች ሻምፒዮን አደረገ፤ የሯጮቹን ጫማ ለማቅለል ሲጨነቅ ኖሮም፣ ከቀድሞ ሯጩ ከፊል ናይት ጋር በኋላ ናይኪ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ቀጥሎ የመጣው ቢል ዴሊንጀርም በባወርማን እጅ የሠለጠነና በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ ያገኘ ሰው ነው። ዩጂንን የሩጫ ከተማ ያደረጋት፣ እኔ እንደማምነው፣ ይህ የአሰልጣኞች ቅብብሎሽ ነው፤ አንድ አሰልጣኝ በቦታው ረግቶ እንዲሠራ መተው ምን እንደሚያፈራ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማማው ላይ ካሉት ምስሎች ፊት ረጅም ጊዜ የቆምኩት በኦቲስ ዴቪስ ፊት ነው። በቅርጫት ኳስ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጥቶ ሯጭ የሆነው ዴቪስ፣ በ1960 በሮም 400 ሜትርን በ44.9 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ ወሰደ፤ ከአራት ቀን በኋላ አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ ማራቶኑን በባዶ እግሩ አሸነፈ። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሯጭ የነበረውና ውድድሩ በስሙ የተጠራው ስቲቭ ፕሪፎንቴይንም በ1972 ሙኒክ ላይ በ5,000 ሜትር አራተኛ የወጣው፣ ምሩፅ ይፍጠር የዚያው ርቀት ማጣሪያ ባመለጠው ጊዜ ነበር። ፕሪፎንቴይን በ1975 በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ አደጋው በደረሰበት ድንጋይ ሥር ሯጮች እስከ ዛሬ ሜዳሊያና ጫማ ያኖራሉ።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። ለአዲሱ ግንባታ ሲባል በ2018 የፈረሰው አሮጌው የእንጨት ተመልካች ማረፊያ ቢያንስ በከፊል ቢተርፍ ኖሮ፣ ዛሬ የሚታየው ውበት ሥሩ የት እንደሆነ በዓይን ይታይ ነበር። ከስታዲየሙ ውጭ ደግሞ፣ ያረፍንበት ሆቴል ያስያዝነውን ክፍል ለሌላ እንግዳ ሰጥቶ ስለቆየን እኩለ ሌሊት ድረስ ከልጆች ጋር እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጠናል፤ ስለዚህ በውድድር ሰሞን የምትሄዱ ሁሉ ማረፊያችሁን ከዋዜማው ደውላችሁ አረጋግጡ።

መቀመጫ ስትመርጡ ገንዘብ ከቻለ የመጨረሻውን 100 ሜትር ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ ያዙ። በማግስቱም የዊላሜትን ወንዝ በእግረኞች ድልድይ ተሻግራችሁ እስከ ኦትዘን ስታዲየም ሂዱ። የፉትቦል ቡድኑ ከ1967 ጀምሮ የሚጫወተው እዚያ ነው፤ በ2014 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማን ሽልማት ያገኘው ማርከስ ማሪዮታም የተጫወተው እዚያው ነው። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና የማራቶኑ መነሻና መድረሻ የነበረው ከኦትዘን ስታዲየም ፊት ለፊት ያለው ጎዳና ሲሆን፣ ታምራት ቶላ በ2:05:36፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በ2:18:11 ወርቅ ያጠለቁት እዚህ ነው። ልጆቼ መድረሻው የነበረበትን ቦታ ፈልገው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጠውበታል።