የዎርሀመር 40,000 ሦስተኛ እትም መመሪያ፦ የጆን ብላንሽን ሥዕሎች ለወራት ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የዎርሀመር 40,000 ሦስተኛ እትም መመሪያ ያገለገለ ቅጂ ገዝቼ ለወራት ከቀለም ጠረጴዛዬ አልለየሁትም። ዎርሀመር 40,000 ተጫዋቾች ራሳቸው በሚቀቧቸው ትንንሽ የተዋጊ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ደንቦቹ ደጋግመው ስለተሻሻሉና እ.ኤ.አ. በ2023 አሥረኛው እትም ስለወጣ፣ ዛሬ ለመጫወት የሚፈለግ መጽሐፍ አይደለም፤ እኔም የገዛሁት ሽፋኑን ለሣለው ለእንግሊዛዊው ሠዓሊ ለጆን ብላንሽ ስል ነው።

ሽፋኑ ላይ ጥቁር ጥሩር የለበሱ፣ ትከሻቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ተዋጊዎች በጉብታ ላይ ተፋፍገው ይዋጋሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያየው የአንዱ ጥሩር የት አልቆ የሌላው ሰንደቅ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል፤ በእኔ እምነት የጨዋታው መልክ የተወለደው ከዚህ መደበላለቅ ነው። ብላንሽ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የመጀመሪያ እትም ውስጥ የጨዋታውን ዓለም ንጉሠ ነገሥት በዙፋኑ ላይ ከማሽን ጋር የተሳሰረ ሬሳ መሰል አካል አድርጎ ሥሎት ነበር። ጨዋታው የሚካሄድበት የሩቁ መጪ ዘመን ከሚያብረቀርቅ ብረት ይልቅ የሻማ፣ የራስ ቅልና የብራና ዓለም ሆኖ በተጫዋቾች አእምሮ የተቀረጸው በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ነው። የጨዋታው አሳታሚ የሆነው ኩባንያ የጌምስ ዎርክሾፕ የሥዕል ኃላፊ ሆኖ ለረጅም ዓመታት በመሥራቱም ተጽዕኖው ከራሱ ብሩሽ አልፎ ሌሎቹ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ዘንድ ደርሷል፤ ዋይት ድዋርፍ በተባለው መጽሔት ላይ የነበረው ብላንቺትሱ የተሰኘ ዓምዱ ደግሞ ተራ ተጫዋቾች ምስሎቻቸውን ቆራርጠው፣ አዋህደው፣ በእርሱ መንፈስ እንዲቀቡ አደፋፍሯል።

በሥራዬ ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱን የምስል ክፍል በተለያየ ደማቅ ቀለም እለይ ነበር። አሁን ግን መላውን ምስል በቡናማ እጀምርና፣ በቀጠነ ቀለም ደጋግሜ አጥቤ፣ ቀዩን ለአንድ ወይም ለሁለት ቦታ ብቻ አስቀምጣለሁ። የተለያዩ ሠራዊቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲቆሙ የአንድ ዓለም ሰዎች መስለው የሚታዩት ከዚህ በኋላ ነው። ይሁንና በተለመደው የቤት መብራት ሥር፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሲታዩ ይጨልማሉ፤ ስለዚህ ፊታቸውንና የጥሩራቸውን ጠርዝ በዝሆን ጥርስ መሰል ነጭ ማጉላት ግድ ይላል።

መጽሐፉ የቀለም አቀባብ መማሪያ ሆኖ እንዲያገለግል መጠበቅ አይገባም። ሥዕሎቹ የአንድን ጠመንጃ ወይም የአንድን መታጠቂያ ትክክለኛ ቅርጽ ለሚፈልግ ሰው መልስ አይሰጡም፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ ለሚያነሣ ሰው አልመክረውም። ንጹሕ አድርጎ መቀባት ለቻለና ምስሎቹ ግን ሕይወት አልባ ለሆኑበት ሰው ያገለገለ ቅጂ ፈልጎ ቢገዛ ገንዘቡን በደንብ ያወጣለታል።