ኮምፖዚት ወይስ ግላስ አዮኖመር? ጥርስ ከማስሞላታችሁ በፊት

«ነጩ ሙሌት ኬሚካል ይለቃል የሚሉት እውነት ነው?» ጓደኞቼ፣ በተለይ ልጅ ያላቸው፣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አዎ፣ ይለቃል። መጠኑን የሚወስነው ግን በአብዛኛው አሠራሩ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ለአዋቂ ሰው የመንጋጋ ጥርስ በደንብ የተሠራ ኮምፖዚት (በመብራት የሚደርቀው ነጭ ሙሌት) የሚያህል የለም። ብር ካጠረ ደግሞ ወደ ርካሽ ኮምፖዚት ሳይሆን ወደ ግላስ አዮኖመር፣ ያለ መብራት በራሱ ወደሚጠነክረው ሙሌት፣ ውረዱ።

ወደ ዋጋው እንግባ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ስጠያይቅ ለአንድ ጥርስ ኮምፖዚት ከ1,200 እስከ 4,000 ብር ተጠርቶልኛል። ግላስ አዮኖመር ከ800 እስከ 1,500 ብር ነበር። ካርድና ራጅ ብዙ ጊዜ ለብቻ ይታሰባሉ፤ ስትደውሉ «ጠቅላላው ስንት ነው?» በሉ። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋው አንድ ቦታ አይረጋም። ያምና ዋጋ ይዛችሁ አትሂዱ።

የ1,200 ብሩ ኮምፖዚት ለምን ረከሰ? አንዱ ምክንያት ሰዓት ነው። ኮምፖዚት ሁለት ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ስስ ንብርብር ይገባል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በሰማያዊ መብራት 20 ሰከንድ ያህል ይደርቃል። የቸኮለ ሐኪም ጉድጓዱን በአንዴ ሞልቶ አንዴ ያበራበታል። ላዩ ይጠነክራል፣ ታቹ አይደርቅም። እህቴ መሀል ከተማ አንድ ክሊኒክ በርካሽ አስሞልታ ቆሎ ስትቆረጥም ተነቀለባት። ሌላ ሐኪም ሲከፍተው ታቹ እንደ ማስቲካ ልል ነበር፤ ጥርሱም ከሥር በስብሷል። መጨረሻው ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) እና ክራውን (የጥርስ ቆብ) ሆነ። 1,200 ብር የተከፈለበት ጥርስ ከ10,000 ብር በላይ አስወጣ። ይህን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

የኬሚካሉም ጉዳይ እዚሁ ላይ ነው። የኮምፖዚት ማጣበቂያ (ሬዚን) ሞኖመር በሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ ቢስ-ጂኤምኤና ቴግዲኤምኤ ይባላሉ። መብራቱ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። በጥሩ እጅ ቢሠራም ሁሉም አይያያዝም። የቀረው ወደ ምራቅ ይወጣል፣ በብዛትም በመጀመሪያው ቀን። በደንብ ያልደረቀ ሙሌት ደግሞ አብዝቶ ይለቃል። ሰው የሚፈራው ቢፒኤ (ቢስፌኖል ኤ የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል) ራሱ ዕቃው ውስጥ አይጨመርም፤ ቢስ-ጂኤምኤ ሲሠራ መነሻው እሱ ስለሆነ ጥቂት ርዝራዥ ይቀራል። ፍርሃቱ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1996 የስፔን ተመራማሪዎች ጥርሳቸው በሬዚን በተሸፈነ ሰዎች ምራቅ ውስጥ ቢፒኤ ማግኘታቸውን ሲጽፉ ነው። «ከቢፒኤ ነፃ ነው» ተብሎ ዋጋ ቢጨመርባችሁ እኔ ብሆን አልከፍልም። እሱም ሌላ ሞኖመር ይለቃል። ያንን ብር ላዩን በደንብ ለሚያለሰልስ ሐኪም ስጡት፤ አየር የነካው የላይኛው ስስ ሽፋን ሳይደርቅ ስለሚቀር መወልወል አለበት።

ጄል ጥፍር አሠርታችሁ ጣታችሁን አሳክኮት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ጄሉም ሙሌቱም የአንድ ቤተሰብ ኬሚካል ናቸው፣ አለርጂው ሊከተላችሁ ይችላል።

ግላስ አዮኖመር ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ ያለ መብራት በራሱ ይጠነክራል። እነዚህ ሞኖመሮች የሉበትም። ከጥርስ ጋር በራሱ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ለልጆች የወተት ጥርስና ድድ አጠገብ ላለ ጉድጓድ እኔም እሱን እመርጣለሁ። መንጋጋ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፤ በየጊዜው ማስጠገን ካለባችሁ ርካሽነቱ የት አለ? አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በመብራት የሚደርቅ ግላስ አዮኖመርም አለ። እሱ ሄማ የሚባል ሞኖመር አለበት። ሬዚን ሸሽታችሁ ከመጣችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ ጥቁሩ ሙሌት፣ ስለ አማልጋም፣ ብዙ አልልም። ግማሹ ሜርኩሪ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ፣ ከተወሰነ የሕክምና ምክንያት በቀር፣ አስቁሞታል። አፋችሁ ውስጥ ደህና ሆኖ ያለውን ግን በፍርሃት አታስነቅሉ። ሲቦረቦር ነው የሜርኩሪ ትነቱ የሚጨምረው።

ፎርጅድ ዕቃም እንዳይገጥማችሁ። «ዶክተር፣ ሙሌቱ ያለበትን ሲሪንጅ ያሳዩኛል?» ማለት ነውር አይደለም። የአምራቹ ስምና የማብቂያ ቀን የሌለው ወይም ቀኑ የተፋቀ ከሆነ ተነሡ። የመብራቱን ጫፍም እዩ፤ የደረቀ ሙሌት ከተለጠፈበት ብርሃኑ በሙሉ ኃይሉ ጥርሱ ላይ አይደርስም። የመብራቱን ጥንካሬ በመለኪያ የሚፈትሽ ክሊኒክ ካገኛችሁ 500 ብር ቢያስጨምርም እዚያ ግቡ። ሲጨርሱ በውኃ ተጉመጥምጣችሁ ትፉ እንጂ አትዋጡ። ደረሰኙ ላይም የዕቃው ስም ይጻፍላችሁ፤ ሙሌቱ ቢነሣ የምትከራከሩት በእሱ ነው።