ሳሎኑ የት ሄደ? የአምስት ቀን የቪዲዮ ሥልጠና በቤት ደላላ ዓይን

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት በማሻሻጥና በማከራየት የምተዳደር ደላላ ነኝ። ለዓመታት ሥራዬ የሚያልቀው በስልክና በእግር ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ደንበኞቼ፣ በተለይም ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰባቸው ቤት የሚፈልጉት፣ «መጀመሪያ ቪዲዮውን ላክልኝ» ማለት ስለ ጀመሩ፣ ሰሚት አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የሚሰጥ የሞባይል ቪዲዮ ሥልጠና 6,000 ብር ከፍዬ ለአምስት ቀናት ተከታተልሁ። የማሠልጠኛውን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው እንደ እኔ ከባዶ ለሚነሣ ደላላ ይህን መሰል ሥልጠና ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው ነው።

ከሥልጠናው በፊት በራሴ ዕውቀት አንድ ቪዲዮ ሠርቼ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ስትሆን፣ ክፍሉ አልገባልህ ሲለኝ ስልኩን ሰፊ ስፍራ ወደሚያሳየው 0.5 ሌንስ ቀየርሁትና ሳሎኑ እንደ አዳራሽ ተንጣለለልኝ። ቪዲዮውን ያዩ አንዲት እናት ከሰበታ ተነሥተው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው መጡ፤ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ወደ ውስጥ ተመለከቱና «ልጄ፣ በስልክ ያየሁት ሳሎን የት ሄደ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ልስጥዎ ብላቸውም አልተቀበሉኝም።

የመጀመሪያው ቀን ስልክን ስለ ማወቅ ነበር፤ ምስሉ ለቲክቶክ 9 በ16 ቁም ሆኖ እንዲቀረጽ፣ በስክሪኑ ላይ የመለኪያ መስመሮቹ እንዲበሩ፣ ሌንሱ ከቀረጻ በፊት እንዲወለወል። ይህን በነፃ ከኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል።

ገንዘቤን የመለሰልኝ ሁለተኛው ቀን ነው። አሠልጣኛችን ለረጅም ጊዜ ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው በመሆኑ ብርሃንን ያውቀዋል፣ ሲያስረዳም አይቸኩልም። የሳሎኑን ነገር ሳነሣበት ሳይስቅብኝ አንድ ወንበር አምጥቶ ክፍሉ መሐል አኖረና በሁለቱም ሌንሶች እየቀረጸ አሳየን፤ ሰፊው ሌንስ ቅርብ ያለውን አግንኖ ሩቅ ያለውን ስለሚያሳንስ፣ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል፤ ጠርዝ ላይ ያሉ ነገሮችም ይለጠጣሉ። ስለዚህ በተቻለ መጠን በመደበኛው 1 ሌንስ፣ ከማዕዘን ተነሥቶ፣ ስልኩን በደረት ቁመት ቀጥ አድርጎ መያዝ ይበጃል፤ ሰፊው ሌንስ የግድ ከሆነ ደግሞ ተመልካቹ መጠኑን የሚያውቀው በር ወይም ወንበር አብሮ ይታይ፣ የክፍሉ ካሬም በቃል ይነገር። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጋ የሌለበትን መኝታ ቤት ስቀርጽ ሜትር መሬት ላይ ዘርግቼ ነው።

የመስኮቱም ጉዳይ እንዲሁ ተብራርቷል። ስልክ በራሱ ከተተወ ወይ መስኮቱን ያነጣዋል ወይ ክፍሉን ያጨልመዋል፤ ግድግዳው ላይ ጣትን አሳርፎ ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያም በስክሪኑ ላይ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል። የቀረጻው ሰዓትም የቤቱን አቅጣጫ አይቶ የሚመረጥ ነው፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ትዞራለች፤ ስለዚህም በበጋ ወለሉ ድረስ ፀሐይ የሚገባበት የደቡብ ሳሎን በክረምት ፊቱ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የመብራቱ መርገብገብ ነው። ማታ የቀረጽኋቸው ኮሪደሮች በምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር እየተራወጠባቸው ሲያስቸግሩኝ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ስልኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ ስለሚመጣ ሁለቱ አይገጥሙም። ፍሬሙን ወደ 25፣ የሻተሩን ፍጥነት (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ሲያደርጉት ሰንበሩ ይጠፋል፤ አይፎን ላይም ከካሜራ ቅንብሮች ውስጥ የፓል (PAL) አማራጭ ካልበራ 25 ፍሬም ጭራሽ አይታይም።

በሦስተኛው ቀን የተማርነው ድምፅ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ሲናገሩ ድምፁ ከሴራሚኩና ከግድግዳው እየነጠረ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ ሸሚዝ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ማይክ ወደ አፍ ስለምትቀርብ ነገሩን ብታቃልለውም ፈጽማ አታጠፋውም። መፍትሔው እቤታችን ያለ ነው፦ ከካሜራው በስተ ጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል፣ አለዚያም ምስሉን ብቻ ቀርጾ ትረካውን በኋላ ጋቢ ተከናንቦ መቅዳት። ባለቤቴ ማታ በጋቢ ተሸፍኜ «ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ የተለየ ሲሆን» ስል ሰምታኝ ልጆቹን ጠርታ አሳይታብኛለች።

አራተኛው ቀን ላይ ከአሠልጣኙ ጋር በሐሳብ ተለያየን። ቅንብሩን ያስተማረን ካፕከት በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ሲሆን፣ መቁረጡን፣ መቀጠሉንና በአማርኛ ጽሑፍ ማስገባቱን በሚገባ አሳይቶናል፤ ነገር ግን የሠርግ ዓይኑን ይዞት መጣ። ምስሉ በየሁለት ሴኮንዱ ይቀያየራል፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር ካሜራው ይሽከረከራል፣ በላዩም የዘመኑ ዘፈን ይለቀቅበታል። ሙሽራ ይህ ያምርባት ይሆናል፤ ቤት የሚፈልግ ሰው ግን መታጠቢያ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ነው ወይስ ከኮሪደሩ የሚገባው የሚለውን ከእንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ ሊያውቅ አይችልም። አንዱን ቤት በሁለቱም መንገድ ሠርቼ ለቀቅሁት። በእሱ ስልት የሠራሁትን ብዙ ሰው አየው፣ አስተያየት ከሰጡት አብዛኞቹ የጠየቁኝ ግን የዘፈኑን ርዕስ ነበር፤ ከመንገዱ ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ክፍሎቹን ሳይቆራረጥ በዝግታ የሚያሳየውንና በመጨረሻ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ሮቶውንና ቆጣሪውን አሳይቶ የሚያበቃውን ያዩት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነሱ አራቱ ደውለዋል። የሙዚቃውም ነገር ሳይነገረን ቀርቷል፤ በቲክቶክ የንግድ አካውንት የሚጠቀም ሰው ለንግድ ከተፈቀዱት ሙዚቃዎች ውጭ የታወቁ ዘፈኖችን እንደ ልቡ መምረጥ አይችልም።

አምስተኛው ቀን የተግባር ቀን ተብሎ በማስታወቂያው ላይ የተገለጸ ሲሆን፣ ወደ እውነተኛ ቤት ሄደን እንደምንቀርጽ ተነግሮን ነበር። በዕለቱ «መኪና አልተገኘም» ተባለና አሥራ ሦስት ሰዎች የማሠልጠኛውን ኮሪደር በየተራ ስንቀርጽ ዋልን፤ ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀት ታደለ። ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ቅሬታ ባቀርብም እስካሁን መልስ አላገኘሁም። «ለግቢና ለቪላ ድሮን ተከራዩ» የሚለው ምክርም ያለ ፈቃድ ማስነሣት እንደማይቻል ሳይጠቀስ መሰጠቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ተከራይ ያለበት ቤት ሲቀረጽ የሰው ፎቶና ልብስ እንዳይታይ፣ የይዞታ ካርታም ቁጥሩ እየተነበበ ካሜራ ፊት እንዳይዘረጋ አንድም ቃል አልተነገረም፤ እነዚህን የተማርሁት አንድ ተከራይ በትክክል ተቆጥቶብኝ ነው።

ከአምስቱ ቀናት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለይተው በግማሽ ዋጋ ቢሸጡ ያለ ማመንታት ክፈሉ እላለሁ። ሙሉውን ግን ከመመዝገባችሁ በፊት የተግባሩ ቀን የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ገላን በኩል የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቧል፤ ማይኬን አውሼዋለሁ፣ ጋቢውን ግን ከቤቱ ይዞ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ።