ለራይን ሸለቆ፣ ለወይን እርሻውና ለሜዳው የትኛው ሳይክል ይሻላል?

ፍራንክፈርት፣ ማይንዝ ወይም ቪስባደን የሚኖር ሰው ጥሩ የሳይክል መንገድ ፍለጋ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም። በ2002 በዩኔስኮ የተመዘገበው የራይን ሸለቆ ከቢንገንና ከሩደስሃይም ተነስቶ እስከ ኮብሌንዝ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከሸለቆው በፊት፣ ከወንዙ በስተቀኝ የራይንጋው የወይን ተዳፋት አለ። በስተግራ የጀርመን ትልቁ የወይን ክልል ራይንሄሰን ተዘርግቷል። ወደ ዳርምሽታት ዞር ካላችሁ ደግሞ ሪድ የሚባለው ለጥ ያለ ሜዳ ይመጣል። ገደሉን፣ ወይኑንና ሜዳውን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ማዳረስ ይቻላል።

እዚህ አካባቢ የማውቃቸው ሐበሾች ሳይክል ለመግዛት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ካርቦን ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም?» ብለው ነው። እኔ ከሌላ ጫፍ ነው የምጀምረው። ምን ያህል ሰፊ ጎማ ይገባበታል? ቀላሉ ማርሽስ የእውነት ቀላል ነው? ለዚህ አካባቢ እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ የፍሬሙ ነገር በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ

በወንዙ ዳር ያለው የሳይክል መንገድ አብዛኛው አስፋልት ነው። ከእሱ የማትወጡ ከሆነ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። መብራት፣ ጭቃ መከላከያና ዕቃ መጫኛ ያለው ተራ ትሬኪንግ ሳይክል ግዙና ደስ ብሏችሁ ንዱ። የግራቭል ነገር የሚመጣው፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም የሚሆነው ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ሳይክል የሚያስፈልገው፣ ከወንዙ ወደ ላይ ስትታጠፉ ነው።

ሩደስሃይም ላይ ራይን ከባሕር ጠለል በላይ 80 ሜትር ገደማ ነው። ከበላዩ ያለው የታውኑስ ጫካ ግን ካልተ ሄርበርገ በተባለው ጫፍ 619 ሜትር ይደርሳል፤ ርቀቱም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ዳገቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። በወይን እርሻዎቹ መሀል ያሉት የትራክተር መንገዶች ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም፤ ሽቅብ ነው የሚሄዱት።

የሸለቆው ድንጋይ ጀርመኖች ሺፈር የሚሉት፣ ንብርብር ሆኖ የሚሰነጠቅ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው። ለሪዝሊንግ ወይን ተወዳጅ ነው፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለተክሉ ይመልሳል። ለጎማ ግን ጠላት ነው። ጠርዙ ስለት ስለሆነ የጎማን ጎን ይቀድዳል።

ራይንሄሰን ሌላ ዓለም ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ድሮ ነፋስ አምጥቶ የከመረው ደቃቅ አፈር ነው፤ ሎስ ይሉታል። ሲደርቅ በጣም ያስኬዳል። ዝናብ ሲነካው ግን እንደ አገራችን መረሬ ነው፤ ይዞ አይለቅም። በጎማውና በፍሬሙ መሀል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። እዚህ ነው ሰፊ ክፍተት ያለው ፍሬም የሚናፈቀው። በሪድ በኩል ዳገት የለም። ንፋስ ግን ሞልቷል፤ ከፊት ከመጣ ሜዳው ከዳገት ይብሳል።

ግራቭል ወይስ ማውንቴን ባይክ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወላውለው። የፊቱ ብቻ ሾክ ያለው ማውንቴን ባይክ ዋጋው አይጎዳም፤ ከ800 እስከ 1500 ዩሮ ባለው ውስጥ ደህና ይገኛል። ጎማው 57 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት አለው። ማርሹ በጣም ቀላል ነው። በሺፈሩ ቁልቁለት ላይ ከግራቭል ይልቅ ያስተማምናል። ይህን አልክድም።

ችግሩ ወደዚያ ቁልቁለት እስክትደርሱ ያለው መንገድ ነው። ከፍራንክፈርት ተነስቶ ራይንጋውን አቋርጦ ለሚሄድ ሰው ከቀኑ ትልቁ ክፍል አስፋልት፣ የሲሚንቶ እርሻ መንገድና የተደመደመ ጠጠር ነው። እዚያ ላይ ማውንቴን ባይክ ይጎተታል። በሪድ ንፋስ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ስለምትቀመጡ ንፋሱን በደረታችሁ ነው የምትገፉት። የግራቭል መሪ ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነ ጎንበስ ያሰኛል፣ እጅም መያዣ ሲቀያይር አይደክምም።

«ራይንሽታይግ ላይ ልነዳ ነው» ብሎ ማውንቴን ባይክ የሚገዛም አለ። ራይንሽታይግ ለእግረኛ የተሠራ መንገድ ነው። ጠባብ ነው፣ ደረጃ ይበዛዋል፣ ገደል ጠርዝ ላይም ይሄዳል። ለእሱ ብላችሁ ሳይክል አትምረጡ። ሄሰን ውስጥ ደግሞ በጫካ ሳይክል የሚፈቀደው በጠንካራ መንገዶች ላይ ነው፤ ለእነዚያ ግራቭል ይበቃል።

የእኔ ፍርድ፦ በየሳምንቱ ጫካ ውስጥ ዘላችሁ የምትወርዱ ካልሆናችሁ ግራቭል።

ጎማው

ግራቭል ሳይክሎች ከሱቅ ሲወጡ አብዛኞቹ 40 ወይም 45 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዘው ነው። ለራይንሄሰንና ለሪድ 40 በቂ ነው። ለሺፈሩ ግን 45 እና ከዚያ በላይ እመርጣለሁ። ሰፊ ጎማ ትንሽ አየር ተሞልቶበት ይነዳል፣ ድንጋዩን ዋጥ ያደርገዋል፣ ክንድም አያደነዝዝም።

ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ አሁን ያለበትን ጎማ ብቻ አይደለም፤ እስከ ስንት እንደሚያስገባም ነው። ለምሳሌ እዚያው ኮብሌንዝ ያለው የሳይክል አምራች ካንየን ሁለት ዓይነት ግራቭል አለው። በ2021 የወጣው ግሪዝል እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያስገባል። በ2023 መጨረሻ የወጣው የካርቦን ግሬል ግን በ42 ይቆማል፤ ለፍጥነት የተሠራ ነው። ስማቸውም መልካቸውም ይቀራረባል፤ እርጥብ የራይንሄሰን መንገድ ላይ ግን አንደኛው ያልፋል፣ ሌላው ይታነቃል። ለዚህ መሬት ግሪዝልን ያለማመንታት እመርጣለሁ። ግሬል ለሪድና ለደረቅ በጋ ነው።

ቱብለስስ? የውስጥ ጎማ የለውም፣ በምትኩ ፈሳሽ ይገባበታል፤ ትንሽ ቀዳዳ ሲፈጠር ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል። በወይን እርሻ መሀል እሾህና ሽቦ ስለማይጠፋ እዚህ በደንብ ይጠቅማል። ፈሳሹ ግን በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ መጨመር አለበት። ጎኑ ሲቀደድ ደግሞ ፈሳሹ አያድንም፤ ስለዚህ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ከቦርሳ አይጠፋ። እጁን ማቆሸሽ የማይወድ ሰው በተራው የውስጥ ጎማ ቢቀጥል አልፈርድበትም።

ማርሹ

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር እናስላ፤ ገንዘብ የሚያድነው ይህ ነው። የፊቱን ማርሽ የጥርስ ብዛት ለኋላው ትልቁ ማርሽ የጥርስ ብዛት አካፍሉት። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል።

ሽራምና ሺማኖ ማርሽ አምራቾች ናቸው። ሽራም አፔክስ ኤክስፕለር ፊት ላይ 40፣ ኋላ 44 ሲሆን 0.91 ይመጣል። ሺማኖ ጂአርኤክስ ባለ ሁለት ፊት (ፊት ላይ ሁለት ማርሽ ያለው)፣ ትንሹ 30 እና የኋላው 34 ከሆነ 0.88 ነው። ጂአርኤክስ ባለ አንድ ፊት 40 ከኋላ 51 ጋር ደግሞ 0.78። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል ብታዞሩ በ0.88 በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ በ0.78 ወደ 6 ዝቅ ይላል። አንድ ኪሎ ሜትር ምንም አይመስልም። 12 በመቶ ዳገት ላይ ግን በፔዳል ላይ በመቆየትና ወርዶ በመግፋት መሀል ያለው ልዩነት ያው ነው።

ባለ አንድ ፊት ማርሽ ቀላል ነው። ጭቃ ውስጥ አይረበሽም፣ ካቴናውም ቶሎ አይወርድም። ጉዳቱ በኋላ ማርሾቹ መሀል ያለው ዝላይ ትልቅ መሆኑ ነው። ሪድ ላይ በንፋስ ስትነዱ አንዱ ይከብዳል፣ ቀጣዩ ይቀላል፣ የሚስማማው በመሀል ይጠፋል። ባለ ሁለት ፊቱ እዚያ ላይ ይሻላል። እንግዲህ ሸለቆውንና ወይኑን የምትወዱ ባለ አንድ ፊት በ51 ጥርስ፤ ሜዳው የሚበዛባችሁ ባለ ሁለት ፊት። ሱቅ ውስጥ «12 ማርሽ አለው» ሲሏችሁ የማርሹን ብዛት ሳይሆን ትልቁን ጥርስ ጠይቁ።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ብቻ፦ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ይሁን። ርካሾቹ ላይ በሽቦ የሚሠራ ይገጠማል። ከላይ ወደ ራይን ቀጥ ብሎ በሚወርድ መንገድ ጣታችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል።

አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ። የአሉሚኒየም ግራቭል ከ1100 እስከ 2000 ዩሮ ገደማ ነው፤ ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ። ካርቦን ከ2300 አካባቢ ይጀምርና ጣሪያ የለውም፤ ክብደቱ 9 ኪሎ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር የሺህ ዩሮው ልዩነት ለአንድ ኪሎ ነው። ካርቦን ንዝረት መምጠጡ እውነት ነው። ግን ከ40 ወደ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ መቀየርም ያንኑ ያህል ሊያለሰልስላችሁ ይችላል፤ ለዚያውም በጎማ ዋጋ።

ሌላው ባቡሩ ነው። ወደ ሸለቆው የሚሄደው አርቤ 10 በፍራንክፈርትና በቪስባደን በኩል ሩደስሃይም ይደርሳል። በፍራንክፈርቱ የትራንስፖርት ማኅበር ክልል ውስጥ ቦታ ካለ ሳይክል በነፃ ይጫናል። ፀሐይ በወጣ እሁድ ግን ሳይክሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ነው የሚጫኑት። የሌላ ሰው ፔዳል ካርቦናችሁን ሲፈትግ ማየት ደስ አይልም። አሉሚኒየም ቢጫር ቢጫር ምን ቸገረው።

ውድድር የምትገቡ ወይም በየሳምንቱ ብዙ የምትወጡ ከሆነ ካርቦን ይገባችኋል። ለሌላው ሰው አሉሚኒየም ግዙና የተረፈውን ለጎማ፣ ለጥሩ ቁልፍና ለራስ መከላከያ አውሉት። ሳይክሉን ሥራ መሄጃም የምታደርጉት ከሆነ እንደ ኩብ ኑሮድ ኤፍኢ ያለውን እዩ። መብራት፣ ጭቃ መከላከያና ዕቃ መጫኛ ተገጥሞለት ይመጣል። ሌሎቹ ግራቭሎች ባዶአቸውን ነው የሚሸጡት፤ በጀርመን መንገድ ላይ ደግሞ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወልና ሁለት ፍሬን ግዴታ ነው።

ባትሪ ያለውስ?

ጉልበታቸው የማይመጣጠን ባልና ሚስት አብረው የሚነዱ ከሆነ በጣም አሪፍ ነው። ዳገቱ ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ግን ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን ያቆማል። ሜዳው ላይ ከዚያ በላይ ስትነዱ ክብደቱን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ከማይንዝና ቪስባደን በታች እስከ ኮብሌንዝ በራይን ላይ ድልድይ ስለሌለ መሻገሪያው ጀልባ ነው። ጀልባው ላይ ክብደት አያስቸግርም። ሊፍቱ የተበላሸ ባቡር ጣቢያ ላይ 25 ኪሎ ሳይክል በደረጃ ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከገዛችሁ ቀለል ያለውን፣ 15 ኪሎ አካባቢ የሆነውን ፈልጉ፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።

እንዴት እንግዛ?

አሠሪያችሁ ዲንስትራድ የሚባለውን፣ በአሠሪ በኩል ሳይክል የሚከራዩበትን ሊዝ የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ለ36 ወር ነው፤ ኪራዩ ከግብር በፊት ካለው ደመወዝ ይቆረጣል። ከ2020 ጀምሮ በየወሩ ግብር የሚታሰብበት የዋጋው 0.25 በመቶ ብቻ ነው። ደመወዛችሁ በወረቀት ዝቅ ስለሚል ግን ለጡረታ የሚከፈለውም በጥቂቱ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ሳይክሉን ለማስቀረት ስንት እንደሚጠየቅ ከመፈረማችሁ በፊት ይነገራችሁ።

በኢንተርኔት የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ። ሳይክሉ ልካችሁ መሆኑን የምታዩት በዚያ ጊዜ ነው፤ ጭቃ ሳይነካው።

ያገለገለ ከግለሰብ ስትገዙ ሻጩ ዋስትና አልሰጥም ማለት ይችላል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኙንና የፍሬሙን ቁጥር አመሳክሩ። የካቴናውን መለጠጥ በመለኪያ እዩ። ሁለቱንም ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩ። ካርቦን ከሆነና ሻጩ ወደ ሱቅ ወስዳችሁ እንድታስመረምሩት ካልፈቀደ ትታችሁት ሂዱ።